የተደበቀው ዲግሪ

«ዲግሪዬን ደብቄ ነው የገባሁት» አለኝ። የስልኩ መተርጎሚያ የተሳሳተ መሰለኝና እንዲደግምልኝ ጠየቅሁት። ደገመው፤ ያው ነው። በእንግሊዝኛ ሞከረው፤ አሁንም ያው። በመጨረሻ በሁለት እጁ አንድ የሌለ ወረቀት አጥፎ ደረቱ ውስጥ ሲከተው አሳየኝ። ያን ጊዜ ገባኝ።

ሃኖይ ውስጥ ነን። ዝናብ አባርሮን መንገድ ዳር ከተወጠረ ሸራ ሥር ተጠግተናል። ሻይ ቤት ነው፤ ቤት ግን የለውም። አንዲት እናት፣ አንድ ትልቅ ጆግ፣ ጥቂት ብርጭቆዎችና ከጉልበት የማያልፉ የፕላስቲክ በርጩማዎች ብቻ ናቸው። ሻዩን በበረዶ ይጠጡታል። ወጣቱ 27 ዓመቱ ነው፤ በሞተር ሳይክል ሰው ያመላልሳል። ለአጭር ሥልጠና በሄድሁባቸው ሦስት ሳምንታት ጠዋት ከማረፊያዬ የሚወስደኝ፣ ማታ የሚመልሰኝ እሱ ነበር። «ታላቅ ወንድሜ» ይለኛል፤ በቋንቋቸው ሰው ከነዕድሜ ደረጃው ነው የሚጠራው። የእሱን ስም እዚህ አልጽፈውም።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ብየዳ አስተምራለሁ፤ 19 ዓመት ሆነኝ። ዲግሪ ይዘው ሥራ ያጡ ልጆች ታሪክ ለጆሮዬ አዲስ አይደለም። ኮብልስቶን ሲያነጥፉ የነበሩ ምሩቃንን በዓይኔ አይቻለሁ። በሐሰተኛ ማስረጃ የተቀጠሩ ሰዎችን ወሬም ሁላችንም ሰምተናል፤ መሥሪያ ቤቶቻችን የሠራተኛውን የትምህርት ማስረጃ እንደ አዲስ ማጣራት የጀመሩት በእነሱ ምክንያት ነው። የሌለውን ዲግሪ እንዳለው አስመስሎ የሚገባን ሰው አውቃለሁ። አራት ዓመት የለፋበትን፣ እናቱ የተበደሩለትን እውነተኛ ዲግሪ ሸሽጎ፣ ፎርሙ ላይ «12ኛ ክፍል ያጠናቀቀ» ብቻ ብሎ የሚሞላ ሰው ግን ከዚያ ቀን በፊት አላጋጠመኝም።

## ከድንጋይ ኤሊዎቹ ፊት

ከተቀመጥንበት ማዶ ቫን ሚዩ የሚሉት ግቢ አለ፤ የሥነ ጽሑፍ ቤተ መቅደስ ማለት ነው። በ1070 (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለቻይናዊው ፈላስፋ ለኮንፊሽየስ ክብር ተሠራ፤ ከስድስት ዓመት በኋላ የነገሥታቱ ትምህርት ቤት እዚያው ተከፈተ። በግቢው ውስጥ በድንጋይ ኤሊዎች ጀርባ ላይ የቆሙ 82 የድንጋይ ጽላቶች አሉ። ከ1442 እስከ 1779 በተካሄዱ ታላላቅ ፈተናዎች ያለፉ ሊቃውንት ስም ከነትውልድ መንደራቸው ተቀርጾባቸዋል። ፈተና የደረሰባቸው ተማሪዎች የኤሊዎቹን ራስ ለበረከት እየዳሰሱ ድንጋዩን ስለጨረሱት አሁን በአጥር ተከልሏል።

ምሩቃን ጋዎናቸውን ለብሰው ፎቶ የሚነሡት እዚህ ነው። እሱም ተነሥቷል። ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ፤ እሱ በጥቁር ጋዎን፣ እናቱ በረጅሙ የባህል ልብሳቸው፣ ከኋላቸው የግቢው በር። እናቱ ከሃኖይ በስተ ደቡብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከንጌ አን ነው የመጡት። ንጌ አን አፈሩ ድሃ፣ ማዕበል የማይለየው አገር ነው። ሕዝቡ ለትምህርት ባለው ጥማት ይታወቃል። እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት በመንግሥት የማኅበራዊ ፖሊሲ ባንክ ብድር ነው፤ ከ2022 ወዲህ አንድ ተማሪ በወር እስከ 4 ሚሊዮን ዶንግ፣ በገንዘባቸው ማለት ነው፣ ይበደራል። እሱ የተማረው መጠኑ ከዚያ ባነሰበት ጊዜ ነበር። የንግድ ሥራ አስተዳደር ተማረ። እናቱ ዲግሪውን በመስታወት አስገብተው፣ የሞቱ ዘመዶቻቸውን ከሚያስቡበት መሠዊያ አጠገብ ሰቀሉት።

«የተማረ ይግደለኝ» ብለን ላደግን ሰዎች ይህ ሁሉ ማብራሪያ አያሻውም። በድሮው የቬትናም ሥርዓት ሰው በአራት ደረጃ ይከፈል ነበር፤ ሊቁ፣ ገበሬው፣ የእጅ ባለሙያው፣ ነጋዴው። የእኛን ያህል ግን የጨከኑ አይመስለኝም። አያቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ጎረቤት ማረሻ ያሠራቸዋል፣ ልጁን ግን አይድርላቸውም። ቡዳ የሚለውን ስድብ የሰማሁት ከቃላት ሁሉ በፊት ነው። ስለዚህ የሙያ መምህር መሆኔ ለእኔ የእንጀራ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የቤተሰቤን ስም የምመልስበት መንገድ ነው። ያ ልጅ የነገረኝ ነገር እንቅልፍ የነሣኝም ለዚህ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ከተመረቀ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ ፈለገ። ቢሮዎቹ የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ፤ ልምድ የማይጠይቁት የሚከፍሉት ደመወዝ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ በትርፍ ሰዓት ከሚያገኘው ያነሰ ነው። ከሃኖይ አጠገብ ባለው ባክ ኒን በሚባል ክፍለ ሀገር ወደሚገኝ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አቅራቢ ፋብሪካ ሄደ። ቀጣሪዋ ዲግሪውን አይታ «ሦስት ወር ሠርተህ ትሄዳለህ፤ እስከዚያም ደመወዝ ጨምሩ ትላለህ» ብላ መለሰችው። በሁለተኛው ፋብሪካ ዲግሪውን አላሳየም። በዚያው ቀን ተቀጠረ። እሱ የመጀመሪያው አይደለም፤ የቬትናም ጋዜጦች ዲግሪያቸውን ደብቀው ፋብሪካ ስለሚገቡ ምሩቃን ለዓመታት ጽፈዋል።

እናቱ ቢሮ የሚሠራ ነበር የሚመስላቸው። በእኛ ተረት ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እሱ ወረቀቱን ለቀቀ፤ ወረቀቱ ግን አንድ ጊዜ ከመሠዊያው አጠገብ ተሰቅሏልና እሱን አልለቀቀውም። ለአዲስ ዓመት በዓል፣ ለቴት፣ አገር ቤት በገባ ቁጥር ከዚያ መስታወት ፊት ቁጭ ብሎ ይበላል።

## 7.6 በመቶ

ቬትናም እኛ ዘንድ ምሳሌ ሆና የምትጠራ አገር ናት። ከጦርነትና ከረሃብ ወጥታ፣ በ1986 የኢኮኖሚ መንገዷን ቀይራ ፋብሪካ በፋብሪካ ሆነች። የሐዋሳው ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲከፈት እኔም እንደ ብዙዎች «እንደ ቬትናም» ሲባል በተስፋ ሰምቻለሁ። ሃኖይ ስደርስ ያየሁት ሁሉ ተስፋዬን የሚያጸና ነበር። በ2024 ኢኮኖሚው ከ7 በመቶ በላይ አደገ፤ ወደ ውጭ የተላከው ሸቀጥ ከ400 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ሳምሰንግ በ2009 ባክ ኒን ላይ ስልክ ማምረት ጀመረ፤ ዛሬ በዓለም ከሚሸጣቸው ስልኮች ግማሽ ያህሉን የሚሠራው ቬትናም ውስጥ ነው።

የሥራ አጥነቱም ቁጥር ለእኛ ጆሮ የሚያስቀና ነው። በ2023 ከሠራተኛው ኃይል ሥራ አጡ 2.3 በመቶ፣ ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉ ወጣቶች መካከል ደግሞ 7.6 በመቶ። አስተናጋጆቻችን ይህን ሲነግሩን ከእኛ ቡድን አንዱ «ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው?» ብሎ ጠየቀ። እኔም በልቤ ያንኑ ጠይቄ ነበር።

ችግሩ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር በሳምንት አንድ ሰዓት ለክፍያ የሠራ ሰው ሥራ አለው ይባላል። ወዳጄ በዚያ መዝገብ ላይ ሥራ አጥ ሆኖ አያውቅም። ዲግሪውን ደብቆ የካሜራ መስታወት ሲመረምር ሥራ ነበረው፤ አሁን በዝናብ ውስጥ ሞተር ሲነዳም ሥራ አለው። ሥራ አጥ ሆኖ መቀመጥ ራሱ ቤተሰብ የሚደግፈው ሰው ዕድል ነው። ከመቶው የቬትናም ሠራተኛ 65 ያህሉ ውልም ሆነ መድን በሌለው መደበኛ ባልሆነ ሥራ ላይ ነው። ያ ትንሽ ቁጥር ከሚናገረው የሚሸፍነው ይበልጣል።

የፋብሪካ ሥራው ምን እንደነበር ጠየቅሁት። በማጉያ መስታወት የካሜራ ሌንስ ይመለከታል፤ ጭረት ያለበትን ወደ ግራ፣ የሌለበትን ወደ ቀኝ። ሁለት ዓመት። ደህና ገንዘብ የሚገኘው በትርፍ ሰዓት ስለሆነ ሠራተኛው ትርፍ ሰዓት ሲቀር ነው የሚያለቅሰው። መነሻ ደመወዙ ብቻውን አያኖርም፤ እንደ ሃኖይ ባሉት ውድ አካባቢዎች እንኳ ሕጋዊው ዝቅተኛ ደመወዝ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በወር 4.96 ሚሊዮን ዶንግ ነበር፤ 200 ዶላር አይሞላም። በ2023 ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጣው ትዕዛዝ ሲቀንስ ትርፍ ሰዓቱ ቆመ፤ እሱም ወጣ። ሥራ ካቆመ ዓመት ሲሞላው የጡረታ መዋጮውን በአንድ ጊዜ አውጥቶ ሞተር ሳይክሏን ገዛ። ይህን ሲነግረኝ መቀመጫዋን መታ መታ አደረገ። እርጅናው እሷ ናት።

በየፋብሪካው በር ላይ «ከ18 እስከ 35 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አይቻለሁ። 35 ዓመት! ብየዳ ላይ ሰው እጁ የሚረጋው፣ ብረቱ ሲናገር መስማት የሚጀምረው በዚያ ዕድሜ ነው። እዚያ ግን ዓይን ይደክማል፣ ጣት ይዘገያል፣ መሥመሩ ላይ ሌላ የ18 ዓመት ልጅ ይተካል።

## «ለእህቴ ምን ልበላት?»

በሥልጠናው ላይ በየቀኑ የምንሰማው አንድ የቬትናም አባባል ነበር፤ ሊቃውንቱ ተርፈዋል፣ ባለሙያዎቹ ጎድለዋል የሚል። እውነት ነው። በሰርተፍኬት የተረጋገጠ ሥልጠና ያለው ከሠራተኛው 28 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ፋብሪካዎች የማሽን ጠጋኝ፣ የብየዳ ባለሙያ፣ የቅርጽ አውጪ ያለህ ይላሉ፤ ምሩቁ ደግሞ ዲግሪውን ይደብቃል። እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ ማስታወሻ እጽፍ ነበር፤ ለ19 ዓመት ስሰብከው የኖርሁት ይህንኑ ነዋ። በየዓመቱ መስከረም ላይ አዲስ ተማሪዎች ፊት ቆሜ «ዲግሪ ወረቀት ነው፣ ሙያ እንጀራ ነው» እላለሁ።

ዝናቡ ሊያባራ ሲል ወጣቱ ብርጭቆውን አስቀምጦ ስለ እህቱ አነሣ። ዘጠነኛ ክፍል ናት። የጎረቤቱን ማራገቢያ፣ የሩዝ ማብሰያ ሁሉ ፈትታ የምትገጥመው እሷ ናት። በቬትናም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ወደ አሥረኛ ለመግባት ይፈተናል፤ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁሉንም አይቀበሉም። ሃኖይ ውስጥ ቦታ የሚያገኘው ከመቶው 60 ያህሉ ነው። መንግሥት በ2018 ባወጣው ዕቅድ እስከ 2025 ዘጠነኛን ከሚጨርሱት ቢያንስ 40 በመቶው ወደ ሙያ ሥልጠና እንዲሄድ አስቦ ነበር። እናትየው ግን የሙያ ኮሌጅ የሚለውን ቃል ቤታቸው ውስጥ መስማት አይፈልጉም፤ ለእሳቸው ያ የወደቁ ልጆች መሄጃ ነው።

«እርስዎ የሙያ መምህር ነዎት» አለኝ። «ለእህቴ ምን ልበላት?»

አፌን ከፈትሁ። የመስከረሙ ንግግር ምላሴ ላይ ነበር፤ ግን አልወጣ አለኝ። የተቀመጠው ፊቴ ነው። ዲግሪው ወረቀት ሆኖበት ቀርቷል፤ በዚህ ትክክል ነበርሁ። እንጀራ ያልሁት ግን የቱ ነው? ሌንስ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መለየት ሁለት ዓመት ቢሠሩትም ሙያ አይሆንም። አያቴ ማረሻ ሲሠሩ ያውቁት የነበረውን ያህል እንኳ ስለ ሥራው እንዲያውቅ ማንም አልፈለገም። እኔ ሁልጊዜ ወጣቱን ነበር የምገሥጸው፤ ቢሮ አትመኝ፣ እጅህን አቆሽሽ፣ ዝቅ በል እያልሁ። ይህ ልጅ ዝቅ ብሏል። ዲግሪውን እስኪደብቅ ድረስ ዝቅ ብሏል። ከዚህ በላይ ምን እንዲያደርግ ልመክረው ነው?

ዝም አልሁ። ደቂቃው ረዘመ። ሻይ ሻጯ እናት ብርጭቆዎቻችንን አነሡ። እሱ አረንጓዴ ጃኬቱን ለብሶ የራስ ቁሩን አቀበለኝ። «አስቤ እጽፍልሃለሁ» አልሁት።

## የላክሁት መልስ

ለመጻፍ ሁለት ወር ፈጀብኝ። በመጀመሪያ ያሰብሁት ዲግሪው ለምን ቦታ እንዳጣ ነው። አሥር ሺህ ሰው መሥመር ላይ የሚያሰልፍ ፋብሪካ ዕቅዱ፣ ንድፉ፣ ግዢው፣ ገበያው ሌላ አገር ካለ፣ እዚህ የሚፈልገው ጣትና ዓይን ነው። ከቬትናም ወደ ውጭ ከሚላከው ሸቀጥ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው የውጭ ኩባንያዎች ምርት ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የምንለው እዚህ ላይ ይመጣል። የሥራ አስተዳደር የተማረ ልጅ የሚፈለገው የአገሬው አቅራቢ ድርጅት ሲያድግ፣ ብሎኑንም ሻጋታውንም ራሱ ሲሠራ፣ ሒሳብ የሚይዝ፣ ጥራት የሚቆጣጠር፣ ደንበኛ የሚያፈላልግ ሰው ሲያስፈልገው ነው። የቬትናም ገዢ ፓርቲ በግንቦት 2025 የግሉን ዘርፍ ዋነኛ የኢኮኖሚ ሞተር ብሎ የሚሾም ውሳኔ አውጥቷል፤ እስከ 2030 ሁለት ሚሊዮን ድርጅቶች እንዲኖሩ ይፈልጋል። ለሴሚኮንዳክተር (ለኤሌክትሮኒክስ ቺፕ) ዘርፍም 50 ሺህ ባለሙያ ለማሠልጠን ታቅዷል። መልካም ነው። ሆኖም የድርጅቱ ቁጥር ብቻ በዝቶ ሥራው ያው ግራና ቀኝ ከሆነ፣ የሚደበቀው ዲግሪ ዓይነቱ ይለወጥ እንደሆነ እንጂ መደበቁ አይቀርም።

ሁለተኛው ያሰብሁት 35 ዓመት የሞላቸውን ነው። ቬትናም ከ2009 ጀምሮ የሥራ አጥነት መድን አላት፤ ይህን ስሰማ ቀንቻለሁ። መዋጮ የከፈለ ሠራተኛ ሥራ ሲያጣ ከአማካይ ደመወዙ 60 በመቶውን ቢያንስ ለሦስት ወር ያገኛል፤ ሌላ ሙያ ለመማርም ይደገፋል። ነገር ግን አብዛኛው ሰው ገንዘቡን ይወስዳል፣ ወደ ሥልጠናው ግን አይሄድም። አልፈርድበትም። ልጆች ያሉት ሰው የቤት ኪራይ ቀን ሲደርስበት ስድስት ወር ቁጭ ብሎ ሊማር አይችልም። ሥልጠናው መምጣት ያለበት ሰውየው ገና ፋብሪካው ውስጥ ሳለ፣ በሥራ ሰዓት፣ በቀጣሪው ወጪ ነው ብዬ አምናለሁ። ከአንድ ወጣት ዓይን አሥር ዓመት የወሰደ ፋብሪካ በምትኩ አንድ ሙያ አስይዞ ማሰናበት ይገባዋል።

ሦስተኛው ስደት ነው። በ2023 ከቬትናም 160 ሺህ ያህል ሰው በውል ለሥራ ወደ ውጭ ሄዷል፤ አብዛኛው ወደ ጃፓን፣ ታይዋንና ደቡብ ኮሪያ ነው። በንጌ አን መንደሮች ውስጥ ያሉ ፎቅ ቤቶች ከዚህ ገንዘብ የቆሙ ናቸው፤ ማንም ሊያጣጥለው አይችልም። የደላላው ዕዳ ግን ከልጁ ቀድሞ ይደርሳል። በጥቅምት 2019 እንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ ውስጥ፣ በአንድ የጭነት መኪና ማቀዝቀዣ ውስጥ 39 ቬትናማውያን ሞተው ተገኙ፤ ብዙዎቹ የንጌ አንና የጎረቤቷ የሃ ቲን ልጆች ነበሩ። ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ የየመንን በረሃና የሜዲትራኒያንን ባሕር ነገርሁት። ሌላ አላልንም።

ተስፋ የሰጠኝ አንድ ነገር ሊላማ 2 የሚባለው ኮሌጅ ነው። በደቡብ፣ ዶንግ ናይ ውስጥ ይገኛል። በጀርመኖች ድጋፍ ሰልጣኙ ጊዜውን በኮሌጁና በፋብሪካው መካከል ከፍሎ እንዲማር ያደርጋል፤ ፋብሪካው ራሱ ያሠለጥናል፣ ይመዝናል። እኛም ይህንኑ የትብብር ሥልጠና ብለን በመመሪያችን ጽፈነዋል። የእኔ ተማሪዎች ግን ወደ ድርጅት ሲላኩ ብዙ ጊዜ መጥረጊያ ይዘው ነው የሚመለሱት፤ ማሽኑን ማንም አያስነካቸውም። ጥሩ የሙያ ሥልጠና ርካሽ አይደለም። ማሽን፣ ብረት፣ መብራት፣ የሚሠራ መምህር ይፈልጋል። ልጅን ከዩኒቨርሲቲ አስቀርቶ ወደ ባዶ ወርክሾፕ መላክ መፍትሔ ሊባል አይችልም፤ የእናትየው ፍርሃት መሠረት አለው።

በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ጻፍሁለት። «ለእህትህ ሂጂም፣ አትሂጂም አልላትም። ኮሌጁ ድረስ ትሂድና ሦስት ነገር ትጠይቅ። አንደኛ፣ ባለፈው ዓመት የጨረሱት ልጆች ዛሬ የት፣ በምን ሥራ ላይ ናቸው? ሁለተኛ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ማሽኑ በራሷ እጅ ላይ ይሆናል? ሦስተኛ፣ ይህን ሙያ የተማረ የ40 ዓመት ሰው አሳዩኝ ትበል፤ ምን እየሠራ እንደሆነ ራሱ ይንገራት። ሦስቱንም ከመለሱላት ለእናታችሁ እኔ እጽፍላቸዋለሁ። ሙያውን እየተማረች የ12ኛ ክፍሉን ትምህርት አብራ የምትጨርስበት መንገድ አለና የዩኒቨርሲቲው በር አይዘጋባትም። አንተም የተማርኸውን አትደብቅ አልልህም፤ የኪራይህን ቀን እኔ አልከፍልልህም። ለእኔ ግን ስለነገርኸኝ አመሰግንሃለሁ።»

ለሳምንታት መልስ አልመጣም። ከዚያ አንድ ፎቶ ላከልኝ። ቀጭን ልጅ ናት፤ በትምህርት ቤት ልብሷ፣ አንድ ወርክሾፕ በር ላይ ቆማ፣ የደብተር ቅጠል ይዛለች። እናትየው ከኋላዋ ናቸው፤ አልሳቁም፣ ግን መጥተዋል። ወረቀቱ ላይ አራት መሥመር ተጽፏል። እኔ የላክሁት ሦስት ነበር። አራተኛው ምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

ራሷ የጨመረችው ነው። «ከዚህ ተመርቀው በሙያቸው የተቀጠሩ ሴቶች ስንት ናቸው?» ይላል።